«አንዱ ዲስክ ቢሞት በሌላው ይነሳል» ሲሏችሁ ሳታዩ አትክፈሉ

ለሱቅ፣ ለፋርማሲ ወይም ለቢሮ ዴስክቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡ። አንዳንድ ሻጮች ሁለት ኤስኤስዲ (ፈጣን የዳታ ማስቀመጫ ዲስክ) ይገጥሙና «አንዱ ቢሞት ሌላው ራሱ ይነሳል፣ ስራ አይቆምባችሁም» ብለው ዋጋ ይጨምራሉ። ሁለተኛው ዲስክ እውነትም አለ። መነሳቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፋርማሲ ያላት አንዲት ወዳጄ እንዲህ ያለ ማሽን ገዛች። አንድ ቀን ጠዋት ስታበራው ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» (የሚነሳበት ዲስክ የለም) ብሎ ቀረ። ደንበኛ ቆሟል፤ ዋጋውም የመድኃኒቱ ቀሪም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ፈትቼ ሳየው አንደኛው ዲስክ ሞቷል። ሁለተኛው ደህና ነው፣ ፋይሎቿም አልተነኩም፤ ግን ኮምፒውተሩ ከእሱ መነሳት አልቻለም። ሻጩ ስትደውልለት «ዳታሽ አለ አይደል?» አላት። እሷ ተጨማሪ ብር የከፈለችው ስራዋ እንዳይቆም ነበር!

ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሰራው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ብዙዎቻችን አሁንም ባዮስ የምንለው። የማስነሻ ዝርዝር አለው፣ በተራ ይሞክራል። የሚፈልገው የማስነሻ ፋይል ደግሞ ዲስኩ ላይ ለብቻዋ በተከፈለች ትንሽ ክፍል፣ ፓርቲሽን በምትባለው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የዊንዶውስ ሚረር (የምትጽፉትን ሁሉ ወዲያው ሁለቱም ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው) ሲ ድራይቭን ወደ ሁለተኛው ዲስክ ይገለብጣል፣ ይቺን ፓርቲሽን ግን አይነካትም። ባለሙያው ሁለተኛው ዲስክ ላይም ለብቻዋ ካልሰራት ዩኢኤፍአዩ የሚያስነሳው ነገር አያገኝም። ሚረሩ በዊንዶውስ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ሬይድ (ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያጣምር አሰራር) የተሰራ ከሆነ ዲስኩ እንዳለ ስለሚገለበጥ በጣም ይሻላል።

ሚረር ሳይሆን ክሎን፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ የዲስክ ቅጂ፣ የሚሸጡም አሉ። ያ ይነሳል፤ የሚነሳው ግን ክሎን በተደረገበት ቀን የነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ የመዘገባችሁት ሽያጭ እዚያ ውስጥ የለም።

ሌላም አለ። ዩኢኤፍአዩ ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው የመጀመሪያው ጭራሽ እምቢ ሲል ነው። ዲስኩ እያጣጣረ ዊንዶውስን ከጀመረና መሃል ላይ ከደረቀ፣ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ «ራሱ ይቀይራል» የሚለው ቃል ሁሉም ነገር በደንብ ተሰርቶም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው።

ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት፣ የዊንዶውስ ሚረር ከሆነ፣ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ ማሳያ አስከፍቱና «ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን» የሚል ሁለቱም ዲስኮች ላይ መኖሩን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ገደማ ናት። ይህ ብቻውን አይበቃም። ኮምፒውተሩ ይጥፋ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ይነቀል፣ አንደኛው ዲስክ ይውጣ፣ ከዚያ እፊታችሁ ይብራ። ፍላሽ ተሰክቶ እንዳይሆን ልብ በሉ። ማንም ምንም ሳይነካ ዊንዶውስ ከገባ ጥሩ። ሻጩ ኪቦርዱ ላይ ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 9 ተጭኖ ከሜኑ ከመረጠ ግን ራሱ አልተነሳም፤ እናንተ በሌላችሁበት ማን ይጫንላችኋል? ዲስኩ ሲመለስ ሚረሩ እስኪመሳሰል ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላውን አውጥታችሁ ድገሙት። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ «ነገ ና» ቢላችሁም ቀሪውን ክፍያ ለነገ አቆዩት።

«ማሽኑ አዲስ ነው፣ አይፈታም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የአንድ ዲስክ ዋጋ ብቻ ክፈሉ። ከተስማማ ደግሞ «በየትኛውም ዲስክ ብቻውን ይነሳል» የሚለውን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። አስቀድማችሁ የገዛችሁም ማሽኑ በደህናው ጊዜ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። የጎደለችውን ፓርቲሽን ሰርቶ የማስነሻ ፋይሉን መጻፍ ረጅም ስራ አይደለም። ብቻ ከመነካካቱ በፊት ዳታችሁን ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጡ።