ከልጅ ለእናት፦ ሜሪላንድ ውስጥ ያገኘነው የመቅኔ ንቅለ ተከላ አገልግሎት

እናቴ ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድሮም፣ ማለትም መቅኔ ጤናማ የደም ሴል ማምረት የሚያቅተው ሕመም ከተገኘባቸው በኋላ፣ ያልበሰሉት ሴሎች በመቅኔያቸው ውስጥ እየበዙ ሄዱ። መጠናቸው 20 በመቶ ሲደርስ ሕመሙ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር ይባላልና፣ ሐኪሞቹ ከዚያ በፊት ከለጋሽ የሚወሰድ የስቴም ሴል (የደም ሴሎችን የሚያመነጭ እናት ሴል) ንቅለ ተከላ እንዲደረግላቸው መከሩን። ሆስፒታሉን በስም አልጠራም፤ የምጽፈው ግን ለጋሽም አስታማሚም ሆኜ ያየሁትን ነው።

ከሁሉ የከበደን የለጋሽ ፍለጋው ነበር። መመሳሰል ያለበት የደም ዓይነት ሳይሆን ከወላጅ የሚወረሰው የኤች ኤል ኤ መለያ፣ ማለትም ሰውነት የራሱን ሴል ከባዕድ የሚለይበት የሴል ምልክት በመሆኑ፣ ተስማሚው ሰው በአብዛኛው የሚገኘው ከራስ ወገን ነው፤ የአሜሪካው ብሔራዊ የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ እንደሚለው፣ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለነጭ ታካሚ 79 በመቶ፣ ለጥቁር ታካሚ ግን 29 በመቶ ገደማ ነው። ለእናቴ አልተገኘም። መዝገቡን አልወቅስም፤ ጉንጭን በጥጥ አስነክቶ ከመመዝገብ ያለፈ ነገር ሳይጠየቅ፣ እኔ ራሴ እስከዚያ ቀን አልተመዘገብኩም ነበር።

ልጅ የእናቱን መለያ ግማሹን መውረሱ አይቀርምና፣ ለጋሹ እኔ ሆንኩ። በግማሽ የሚስማማ ለጋሽን የሚያስችለው ዘዴ የዳበረው እዚሁ ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ነው፤ ከንቅለ ተከላው ጥቂት ቀናት በኋላ የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋሚድ የተባለው መድኃኒት የለጋሹ ሴሎች የታካሚውን አካል እንዳያጠቁ ይከላከላል። ለእኔ የነበረው ድካም ስቴም ሴሎቹ ከመቅኔዬ ወደ ደሜ እንዲወጡ የሚያደርግ የጥቂት ቀን መርፌ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ዓይነት የአጥንት ሕመም፣ ከዚያም ደሜ በአንድ ክንዴ ወጥቶ በሌላው ሲመለስ ሴሎቹን የሚለይ ማሽን አጠገብ ለሰዓታት መተኛት ነበር። ነርሶቹ አንድ ጊዜ እንኳ ብቻዬን አልተዉኝም። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ስንጠብቅ፣ ሴሎቹ ለእናቴ የተሰጧቸው እንደ ማንኛውም ደም በቱቦ ተንጠባጥበው ነው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ስለ ምግብ የተሰጠን ወረቀት ጥሬ ሥጋን ቢከለክልም ስለ አይብና ስለ ጸበል ምንም አይልም፤ ጠይቀን ግን ፋርማሲስቷ ሳትንቀን በትዕግሥት አስረዳችን። ሁለተኛው ይብሳል፦ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ቀንም ሌሊትም አስታማሚ እንደሚያስፈልገው የተነገረን፣ የሥራ ፈቃዴን ጨርሼ ሳለ ነው።

ዛሬ ቆዳቸው ላይ ከሚወጣው ሽፍታ በቀር ደህና ናቸው፤ ኤ የነበረው የደም ዓይነታቸውም እንደ እኔ ኦ ሆኗል። ይህን ሕክምና ለሚጀምር ቤተሰብ ማዕከሉን ሳላመነታ እጠቁማለሁ፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ግን ከመድኃኒቱ አስቀድማችሁ ማን እንደሚያስታምም ጠይቁ።