የአባዬን ጆሮ ላየችልን ባለሙያ ምስጋና

አባዬ 76 ዓመቱ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ለሁሉም ነገር መልሱ «እሺ» ነበር። ምሳ ቀረበ ስንለው፣ እሺ። እንግዳ መጣ ስንለው፣ እሺ። እኛም ዕድሜ አለዘበው ብለን ደስ ብሎን ነበር። ለካ አይሰማም ነበር።

የነቃነው ባለፈው ዓመት ነው። ሐኪሙ የደም ግፊት መድኃኒቱን «ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ፍሬ ብቻ» ብሎት ኖሯል። አባዬ እንደ ልማዱ እሺ ብሎ ወጣ፣ ሙሉውን መዋጡን ቀጠለ። ሲያዞረው ከረመና አንድ ሌሊት ከመታጠቢያ ቤት ሲመለስ ወደቀ። ተመስገን፣ ስብራት አልነበረውም። እኔ ግን ሌላም ነገር ፈርቼ ነበር። ከእድር ስብሰባ ቀርቷል። የነገርነውን ወዲያው ይጠፋበታል። ቡና ሲፈላ አጠገባችን ተቀምጦ ሐሳቡ የለም። የመርሳት በሽታ ጀመረው ብዬ ለብቻዬ ብዙ አልቅሻለሁ።

«መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሪው» ብላ ወደዚህች ባለሙያ የመራችኝ ጎረቤታችን ናት። እዚሁ አዲስ አበባ የምትሠራ የመስማት ምርመራ ባለሙያ ነች።

ገና ስንገባ ያደረገችውን አልረሳውም። ወሬውን ከኔ ጋር አልጀመረችም። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ማስኳን አወረደች። ሳትጮህ፣ ረጋ ብላ «አባባ፣ ምንድን ነው የሚያስቸግርዎት?» አለችው። አባዬ «ድምፁማ ይሰማኛል ልጄ፣ ቃሉ ነው የሚጠፋኝ» አላት። ይሄን ለኛ ነግሮን አያውቅም። እኛም ጠይቀነው አናውቅም።

መጀመሪያ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ልካን የጆሮው ኩክ ወጣ። ከዚያ መረመረችውና ውጤቱን ወረቀት ላይ እያሳየች አስረዳችን። ዕድሜ ሲገፋ ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት። የሴትና የልጅ ድምፅም ይከብዳል። ሰውየው የጎደለውን በግምት ይሞላል። አእምሮው ቃል ሲገምት ስለሚደክም የተባለውን ለመያዝ አቅም ያጥረዋል። ሲሰለቸው ከሰው ይሸሻል፣ ብቸኝነቱ ደግሞ ሌላ ሕመም ይሆናል።

መርሳቱስ? አልኳት። አላጋነነችብኝም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን (ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰበው የባለሙያዎች ቡድን) ሪፖርት የመስማት ችግርን ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 የመርሳት በሽታ አጋላጮች መካከል እንደቆጠረው ነገረችኝ። የመስማት ሕክምና የአእምሮን መድከም ያዘገይ እንደሆነ ለማየት አሜሪካ ውስጥ ከ70 እስከ 84 ዓመት ባሉ 977 ሰዎች ላይ የተደረገውን ጥናትም አነሳችልኝ። በ3 ዓመት ውስጥ በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። ቀድሞውኑ ለአእምሮ መድከም ይበልጥ የተጋለጡት ላይ ግን ሕክምናው መድከሙን በ48 በመቶ አዘግይቷል። «ከመርሳት ያድናል ብዬ አልዋሽሽም፤ ከሰው ጋር ግን ያቀራርባቸዋል» አለችኝ። ያመንኳት ያኔ ነው።

የጆሮ መስሚያው ርካሽ አይደለም። እሷ ግን ውዱን ውሰዱ አላለችም፣ ለአባዬ የሚበቃውን መረጠች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸጥ ባለ ክፍል፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲያደርገው አዘዘች። የፌስታል ኮሽታ ይረብሸው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆም ብሎ «ይሄ የኔ ነጠላ ጫማ ነው?» ሲለኝ እንባዬ መጣ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰን አስተካከለችለት፣ ተጨማሪ አላስከፈለችንም። በየመሃሉም እየደወለች ትጠይቀዋለች። ከኔ ስልክ ተቀብሎ ራሱ ያናግራታል።

አባዬ ወደ እድሩ ተመልሷል። ባለፈው እሁድ «ሹራብ ደርብ እንጂ» ብለው «አይ፣ አልበረደኝም» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት «አይ» ነው!

እናት አባታችሁ እሺ የሚያበዙ፣ ቴሌቪዥን የሚያስጮሁ፣ ከጨዋታ የሚርቁ ከሆነ እባካችሁ አትቆዩ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጆሮ የሚጎዳ መድኃኒት ስላለ ታየዋለች። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ምርመራው ትኩረት ይፈልጋል፣ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።