ጤና ወይስ ግብርና? ጅማ ዩኒቨርሲቲን ለሚመርጡ

ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው በ1952 የተከፈተውን የግብርና ትምህርት ቤትና በ1983 የተጀመረውን የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በማዋሐድ ነው። የሁለቱ ጠባይ ዛሬም ይለያያል።

የጤና ተማሪ ከክፍልና ከሆስፒታል ውጭ ወደ ማኅበረሰቡ ይወጣል። በቡድን ሆኖ ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባል፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ መፍትሔ ያቅዳል። በከፍተኛ ዓመት ከሌሎች የጤና ሙያ ተማሪዎች ጋር በአንድ ጤና ጣቢያ ይሠራል። መረጃው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፦ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ቡድኑ ውስጥ አለመኖሩና ጉብኝቱ ከቡና ለቀማ ጋር መገጣጠሙ። ያኔ ቤቱ ባዶ ነው።

እንዲህ ያለው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ግብርናም ውስጥ አለ፤ እዚያ ግን ትልቁ መምህር ቡናው ነው። ታጥቦ የሚዘጋጅ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ፣ ወይም መብላላቱ ከልክ ካለፈ፣ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ሲደርቅም እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ መድረስ አለበት። ከቡናው ሌላ የአትክልትና ፍራፍሬ፣ የድኅረ ምርት አያያዝና የእንስሳት ሕክምና ትምህርቶች አሉ። የእንስሳት ሕክምናን እንደ ቀላል አማራጭ የሚቆጥር ይሳሳታል።

የሌሊት ተረኝነትን የማይፈራ ጤናን ይምረጥ፤ ጭቃና ዝናብ የማያስመርረው ግብርናን። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ቦቲ ጫማ ለሁለቱም ያስፈልጋል።