የአባቴ ኦሜጋ በደሴው ሰዓት ሠሪ እጅ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ሁለት ደንበኛ ጎን ለጎን የማያስቆም አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። ከመስታወቱ ጀርባ የሚታዩት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖልና ዓይናቸው ላይ ማጉያ የገጠሙ አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው። ከአባቴ የወረስሁትን በእጅ የሚሞላ ኦሜጋ የእጅ ሰዓት ለእኒህ ሰው ሰጥቼ ከ19 ቀን በኋላ ተረከብሁ፤ አሁን አንድ ወር ሙሉ ስላሰርሁት ስለ ሥራቸው በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ።

ሰዓቱ በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀር፣ አንዳንድ ማለዳ ደግሞ ጨርሶ ይቆም ነበር። ቀደም ሲል በሌላ ከተማ ያሳየሁት ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ፣ ምንም ሳያጥብ ዘይት ጨመረበትና በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሰልኝ፤ ሁለት ሳምንት ደህና ከሠራ በኋላ ግን ከቀድሞው ባሰበት። የደሴው ሰዓት ሠሪ ገና ክዳኑን ሳይነኩ «ልጄ፣ የሚቆምብህ ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ?» ብለው ጠየቁኝ። ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ደሴ መሆኑን ነግሬያቸው ነበር፤ በእርግጥም የሚቆመው ሌሊቱን ደሴ አድሮ፣ የጦሳ ብርድ ገና ሳይለቅ ነበር። ያረጀ ዘይት ብርድ ሲያገኘው ይወፍራል፣ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ይላላል። የበሽታውን ስም በአንድ ጥያቄ አገኙት።

ዘይት ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። የተጠቀለለው ሞላ ሊፈታ ሲታገል ጥርሶቹን ያዞራል፤ የመጨረሻውን ጥርስ ሁለት ትናንሽ የሩቢ ድንጋዮች የተገጠሙለት ሹካ እየያዘ ይለቀዋል፤ ባላንስ የሚባለው ትንሽ መንኮራኩርም ከዚያ በሚያገኘው ግፊት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የእኔ ሰዓት በአንድ ሰዓት ውስጥ 19,800 ጊዜ፣ በአንድ ቀን 475,200 ጊዜ ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ብረት በሩቢ ላይ ይንሸራተታል፤ በመካከላቸው ዓይን የማያያት የዘይት ጠብታ ከሌለች ሰዓቱ ይደክማል፣ ጠብታዋ ከበዛች ደግሞ ዘይቱ ይፈስና አቧራ ይሰበስባል፣ ከአቧራው ጋር የተቀላቀለውም ዘይት እንደ ሞረድ ሆኖ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩትን የብረት ዘንጎች ይበላል። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው ማን በተባለች ደሴት (Isle of Man) የኖረውና ሰዓትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳንኤልስ ይህን መንሸራተት የሚቀንስ አሠራር ፈልስፏል፤ ኦሜጋ ራሱ የዚህን የአንድ ሰው ፈጠራ ተቀብሎ በ1999 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቧል። ደቀ መዝሙሩ ሮጀር ስሚዝ ዛሬም እዚያው ደሴት ላይ በዓመት ጥቂት ሰዓቶችን ብቻ ይሠራል። የአባቴ ሰዓት ግን ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ ስለሆነ ዕድሜው አሁንም በዘይት ቀቢው እጅ ላይ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ቆሜ እንዳይ ፈቀዱልኝ። እያንዳንዱን ክፍል ፈተው በቤንዚን አጠቡ፤ የሩቢ ቀዳዳዎቹን በሹል እንጨት አንድ በአንድ ጠረጉ፤ ከዚያም በወረንጦ እያነሱ መልሰው ገጠሙ። ዘይቱን በቀጭን መርፌ ጫፍ እየነኩ አስቀመጡ፤ ሹካው የሚዞርባቸውን ዘንጎች ግን ደረቅ አድርገው ተዉአቸውና «እዚህ ዘይት የሚያደርግ ሰው ሥራውን አያውቅም» አሉኝ። ያ ንግግር ከብዙ ማስታወቂያ በላይ አሳመነኝ። መያዣውን ሞርደው እንዲያብረቀርቁልኝ ስለምናቸውም እምቢ አሉ፤ የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይበቅልም፣ ጭረቱም የአባትህ ነው ብለው። በጊዜው ቅር ቢለኝም አሁን ልክ እንደነበሩ አምናለሁ።

ዛሬ ሰዓቱ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ይቀድማል፤ ለዕድሜው እጅግ መልካም ነው። የከፈልሁት 2,500 ብር አስቀድሞ በተነገረኝ ዋጋ ነው፣ አንድም ሳንቲም አልተጨመረበትም። ቅሬታዬ ሁለት ነው፤ በስምንት ቀን ይደርሳል የተባለው 19 ቀን ፈጀ፣ እንደዚህ ያለ የውርስ ዕቃ ሲረከቡም ደረሰኝ አይሰጡም። ውኃ የሚከለክለው የክዳኑ ጎማ ስላልተገኘ እጄን ስታጠብ እንዳወልቀው አስጠንቅቀውኛል፤ ይህን ደብቀው ሊሸኙኝ ይችሉ ነበር።

ክዳኑን ከመዝጋታቸው በፊት በማጉያው እንዳይ ሰጡኝ። በውስጡ ገጽ ላይ ከዚህ በፊት የከፈቱት ባለሙያዎች በመርፌ የጫሯቸው ሦስት ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ አንዱ 1979 ይላል፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ አባቴ ያሳደሰበት ዓመት መሆን አለበት። እርሳቸውም ከሥሩ የራሳቸውን ምልክትና ዓመተ ምሕረቱን ጫሩና ከአምስት ዓመት በኋላ እንድመልሰው ነገሩኝ።