ጎግል ስኮላር፦ የእኔ ሥራ፣ የአባቴ ስም

ደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ምርምሬ ናኖ ቁሶች ላይ፣ ማለትም በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቁሶች ላይ ነው። የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያውን ጎግል ስኮላርን ሳልከፍት የዋልኩበት የሥራ ቀን ቢኖር መብራት የጠፋበት ነው። ስለዚህ የምጽፈው አንድ ቀን ሞክሬ አይደለም።

በመጀመሪያ ጥሩውን። ሥራ ስጀምር የእንዶድ ቅጠል ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ የብር ናይትሬት ሙሙት ውስጥ ጨመርኩት። ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ቀስ በቀስ ጠቆረና ጠላ መሰለ። ቀለሙን የሚያመጣው ናኖ ቅንጣቱ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ጋር አብረው ሲወዛወዙ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማታ ስኮላር ላይ ብፈልግ፣ ከቅጠል የብር ቅንጣት ያወጣው ሰው ብዛት! ኩራቴ በረደ፤ ግን ሁለተኛውን ሙከራ ሰው ያልነካው ነገር ላይ እንዳደርግ ያደረገኝ ያ ማታ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሌክሴይ ኤኪሞቭ ቀለም በገባበት መስታወት ውስጥ ያገኘውን ኳንተም ዶት (ቀለሙ በመጠኑ የሚወሰን ናኖ ቅንጣት) እ.ኤ.አ. በ1981 በሶቭየት መጽሔት አሳተመ። አሜሪካ የነበረው ሉዊስ ብሩስ ይህን ሳያውቅ በ1983 ፈሳሽ ውስጥ ያንኑ ነገር አገኘ። ሁለቱም በ2023 ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ እንዲህ ተላልፎ መቅረት ይከብዳል፤ እኔ እንኳ ከማርቆስ ሆኜ በስልኬ አየዋለሁ፣ ያውም በነጻ። ሌሎቹ የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያዎች፣ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ተቋምህ ካልከፈለ ሙሉ በሙሉ አይከፈቱም። ስኮላርም ቢሆን ጽሑፉን ያሳይሃል እንጂ የተቆለፈውን አይከፍትልህም። በስተቀኝ የፒዲኤፍ ሊንክ ካለ እሰየው፤ ከሌለ ለጸሐፊው ኢሜይል ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፕሮፋይሌ ላይ 7 ጽሑፎች አሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው የጠቀሷቸው 31፣ 14፣ 9፣ 6፣ 3፣ 1 እና 0 ጊዜ ነው። ሆርሄ ሂርሽ የሚባል ፊዚሲስት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የተመራማሪ መለኪያ ስሌት ኤች ኢንዴክሴ 4 ነው፤ አራቱ ቢያንስ አራት አራት ጊዜ ስለተጠቀሱ። 31 የነበረው 3000 ቢሆን እንኳ ያው 4 ነው። የጃፓኑ ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ስለ ካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጣት ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ በአስር ሺዎች ጊዜ ተጠቅሳለች፤ ለኤች ግን እሷም እንደ አንድ ናት።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። 31 የተባለው የሌሎችን ሥራ ሰብስቤ የጻፍኩት ሪቪው ነው፤ አንዲት ብርጭቆ አላጠብኩበትም። ሁለት ዓመት እጄ በብር ናይትሬት እየጠቆረ የሠራሁት የእንዶዱ ሥራ 3 ነው። ዕድገት ሲጠየቅ ሰው የሚያየው ድምሩን ነው።

ከዚያ ስም አለ። ፍለጋው ላይ የእኔ ስም በአንድ ፊደል ታጥሮ የአባቴ ስም ሙሉውን ይወጣል፤ ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋልና። እንግዲህ በናኖ ቁስ ዘርፍ 64 ጊዜ የተጠቀሰው ቢቸና ጤፍ የሚያርሰው አባቴ ነው። ባለፈው ስልክ ደውዬ፣ «አባባ፣ ስምዎን ቻይና ድረስ እየጠቀሱት ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ቆይተው፣ «በምን አንቀጽ?» አሉኝ። ከጎረቤት ጋር የወሰን ክርክር ነበራቸውና ነገሩን ወደዚያ ወሰዱት። ይግባኝ አለመሆኑን ለማስረዳት ካርዴ አለቀ።

አንድ መጽሔት፣ ስሙ ይቅርና፣ የአባባን ስም አንድ ፊደል ገድፎ አወጣው። ያ ጽሑፍ ፕሮፋይሌ ውስጥ አልገባም ነበር፤ ፈልጌ በእጄ ጨመርኩት። ስለዚህ ጀማሪዎች፦ ስማችሁን በላቲን ስትጽፉ ገና በመጀመሪያው ጽሑፍ አንድ አጻጻፍ ያዙና አትለውጡ። ፀጋዬን ብቻ በስንት መንገድ እንደምንጽፈው አስቡት! ተመራማሪን ከሞክሼው የሚለየውን ባለ 16 አሃዝ የኦርኪድ (ORCID) ቁጥርም አውጡ፤ እሱም ነጻ ነው። ፕሮፋይሉን ስትከፍቱ «ራሱ ይጨምር» የሚለውን አጥፉና «መጀመሪያ አሳየኝ» የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ የሞክሼያችሁ የወባ ጥናት ከናኖ ሥራችሁ ጎን ሊሰለፍ ይችላል።

ለፍለጋው ከ5 ኮከብ 5። ለቁጥሩ 2፤ አንዱ የአባባ ነው።