ከስምንቱ ዕቃ አራቱ

ቦርሳው ላይ «ሙሉ የመኪና ማውጫ ስብስብ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ታትሟል፤ አሸዋ ወይም ጭቃ የያዘውን መኪና ለማውጣት ማለቱ ነው። ሙያዬ ሒሳብ ነውና ዕቃው የደረሰኝ ዕለት ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩት። አንድ መጎተቻ ገመድ፣ ሁለት የብረት ሻክል (ገመዱን ከመኪናው ጋር የሚያያይዝ ቀለበት)፣ ጥንድ የፕላስቲክ መርገጫ ሰሌዳ፣ ታጣፊ አካፋ፣ ጓንት፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ገመድ ላይ የሚጣል ባዶ ከረጢት። ሰባት ዓይነት ሆነብኝ፤ ማሸጊያው ግን ስምንት ይላል። ደግሜ ቆጠርኩ። ለካ ስምንተኛው ቦርሳው ራሱ ኖሯል! ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ርካሽ ስለነበር ግን ዝም አልኩ።

ከአስፋልት ወጥቼ መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። መኪናዬ በአራቱም ጎማ የምትጎትት አሮጌ ናት፤ ሙሉ ጭነት ስትይዝ 2.8 ቶን ትመዝናለች። በእነዚህ ወራት አራት ጊዜ አሸዋ፣ ሁለት ጊዜ ጭቃ ይዞኝ ወጥቻለሁ። በስድስቱም ጊዜ ቦርሳው አብሮኝ ነበር፤ ከውስጡ ያለው ዕቃ ግን ቀስ በቀስ ተለወጠ። ዛሬ ከመጀመሪያዎቹ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፣ ቦርሳውን ጨምሮ።

መኪና ማውጫ ሲባል የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው ገመድና ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ መኪናውን የሚስብ መሣሪያ) ላይ ነው። የእኔም እንደዚያው ነበር። መጀመሪያ አሸዋ የያዘኝ ዕለት ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር መኪናዋ ወደ ታች እንጂ ወደ ፊት አልሄድ አለች፤ ሆዷ አሸዋው ላይ እስኪተኛ ድረስ መቃብሯን በራሷ ጎማ አስቆፈርኳት። ያወጣኝ ገመድ አልነበረም፤ የጎማዎቹን ንፋስ መቀነስ ነው። 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) የነበረው ወደ 18 ሲወርድ ጎማው በርዝመቱ ይነጠፍና ክብደቱ በሰፊ መሬት ላይ ይከፋፈላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የቫልቩን መርፌ የሚጫን የቁልፍ ጫፍና የሚታመን መለኪያ ብቻ ነው።

የሚታመን መለኪያ ግን በቦርሳው ውስጥ አልነበረም። በሁለተኛው ጉዞዬ መለኪያው 20 ብሎ አሳየኝ፤ ተማምኜ ነዳሁ። አንድ መታጠፊያ ላይ መሪውን በኃይል ስጠመዝዘው የፊት ጎማው ከቸርኬው ወለቀ። የቀሩትን ሦስት ጎማዎች በሌላ ሰው መለኪያ ስንለካቸው 14 ላይ ናቸው። ንፋሱ በዚህን ያህል ሲወርድ ጎማው ቸርኬውን አጥብቆ አይዝም፤ በዝግታ መንዳትና በሰፊው መታጠፍ ግድ ነው። እኔ ግን 14 መሆኑን ማን ነግሮኝ? መለኪያውን ጥዬ በዋጋ ብዙም የማይበልጠውን ሌላ ገዛሁ። እስካሁን ካወጣሁት ወጪ ሁሉ የማይቆጨኝ ይሄኛው ነው።

ንፋስ የሚያወጣ ሰው መልሶ የሚሞላበት ያስፈልገዋል፤ ስብስቡ ስለ ኮምፕሬሰር አንድም ቃል አይተነፍስም። በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት የምትሠራውን ትንሿን ገዝቼ ነበር። አራቱን ጎማ ከ18 ወደ 32 ለመመለስ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ስለጋለችም መሃል ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፍኳት። የሶኬቱ ፊውዝ ብዙ ኃይል ስለማያሳልፍ በዚያ የምትሠራ ኮምፕሬሰር ከትንሽነቷ አትዘልም። ትንሽ ጨምሮ በቀጥታ ባትሪው ላይ በመቆንጠጫ የሚገናኘውን መግዛት ይሻላል፤ ሞተሩን አስነስቶ መሙላት ደግሞ አይረሳ።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ፤ ብዙ የምናገረው እዚህ ላይ ነው። ገመዱ ቀይ፣ ወፍራምና ለዓይን የሚያምር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብመረምረው አንድም ቁጥር የለበትም፤ ከምን እንደተሠራ፣ በስንት ቶን እንደሚበጠስ የሚናገር ጨርቅ አልተሰፋበትም። ይህ የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፣ አይደለም። ከናይሎን የተሠራ የማውጫ ገመድ ሲጎተት ርዝመቱ 20 በመቶ ያህል ይለጠጣል፤ 9 ሜትሩ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል ማለት ነው። ጎታቹ መኪና ትንሽ ተንደርድሮ ሲሄድ ጉልበቱ ገመዱ ውስጥ ይጠራቀምና የተቀረቀረውን ቀስ አድርጎ ይነቅለዋል። ከፖሊስተር የተሠራው ግን እምብዛም አይለጠጥም፤ እርሱ የተበላሸ መኪና በደህና መንገድ ለመጎተት የታሰበ ነው። በእርሱ ተንደርድሮ መንጨት ማለት በሰንሰለት እንደመንጨት ነው፤ ወይ ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይ መኪናው ላይ የታሰረበት ብረት ይገነጠላል። የኔ ቀይ ገመድ ከሁለቱ የትኛው ነው? ሻጩን በስልክ ጠየቅኩት። «በጣም ጠንካራ ነው» አለኝ።

በጣም ጠንካራ መሆኑም ቢሆን ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም፤ ይህን ሳውቅ ተገርሜያለሁ። የሚለጠጥ ገመድ የመበጠሻ ጉልበት ከሁለቱ መኪናዎች ቀለል ያለችው ሙሉ ጭነቷን ይዛ ከምትመዝነው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ለእኔ 2.8 ቶን ይህ ከ5.6 እስከ 8.4 ይሆናል፤ ባለ 8 ቶኑን ገዛሁ። ባለ 15 ቶን ብገዛ ኖሮ በእኔ መኪና ክብደት በቅጡ ሳይለጠጥ ድንጋጤውን በቀጥታ ወደ ሻንሲው ያሳልፈው ነበር። ናይሎን ሲረጥብ ጥንካሬው ስለሚቀንስና አሸዋ ክሩን ከውስጥ ስለሚበላው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አጥቤ በጥላ አደርቀዋለሁ። ቀዩ ገመድ አሁን ፍራሽ ማሰሪያ ነው፤ ለዚያስ እውነትም በጣም ጠንካራ ነው።

ሁለቱ ሻክሎችም በዚሁ በሽታ የተያዙ ናቸው። ደህና ሻክል የሥራ ጭነት ገደቡ ገላው ላይ ተቀርጾበት ይመጣል፤ ባለ 19 ሚሊ ሜትሩ ብዙውን ጊዜ 4.75 ቶን ይላል። የእኔዎቹ ላይ ቀለም ብቻ ነው ያለው፣ እርሱም በጥፍር ይላጣል። በምትካቸው የተቀረጸበት አንድ ብረት ሻክልና አንድ ዳይኒማ ከሚባል በጣም ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተጎነጎነ የገመድ ሻክል ገዛሁ። ክሩ ቀላል ነው፤ ገመድ ቢበጠስ እንኳ ተስፈንጥሮ እንደ ብረት መስታወት ሰብሮ አይገባም። ስለታም ጠርዝ ግን ይቆርጠዋል፤ ብረቱን ያስቀረሁት ለዚያ ነው።

የትኛውም ገመድ ከታሰረበት ቦታ አይበልጥም። ከመኪናዬ የፊት መከላከያ ሥር ያለችውን ቀለበት ለዓመታት የመጎተቻ መስላኝ ኖሬያለሁ። የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ሳነብ ግን መኪና በመርከብ ሲጫን ማሰሪያ ናት ይላል። ትልቁን ወጪዬን ያወጣሁት እዚህ ላይ ነው፦ ሻንሲው ላይ በቡሎን የሚታሰር፣ የጭነት ገደቡ የተጻፈበት የፊት መጎተቻ። ለኋላው ምንም አልከፈልኩም፤ እንዴት እንደሆነ በሁለተኛው ጭቃ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ።

ያን ቀን ፊቴን ወደ ማጡ አድርጌ ነው የተያዝኩት፤ መውጣት የምችለው ወደ ኋላ ብቻ ነበር። አንድ ሽማግሌ ፒክ አፓቸውን አቁመው ሊረዱኝ ወረዱ። አዲሱን ገመድ ተቀብለው ሳይጠይቁኝ አንዱን ጫፍ በራሳቸው መኪና የተጎታች መሳቢያ ኳስ ላይ ጣል አደረጉት።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ኳሱ ላይ አይሆንም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ መኪና ስጎትት አንቺ አልተወለድሽም።»

እውነታቸውን ነው። ሊረዳኝ የቆመ ታላቅ ሰው ማረም ከጭቃው የከበደ ነገር ነበር። ነገር ግን ያ ኳስ ተጎታችን በእርጋታ ለመሳብ እንጂ ለመንጨት አልተሠራም፤ አንገቱ ከተቆረጠ ከገመዱ ጋር ተወርውሮ በመስታወት ይገባል፤ በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። ፊቴ ቀልቶ ኳሱ የተቀመጠበትን ብረት ከመኪናቸው ጀርባ ካለው አራት ማዕዘን ቱቦ አወጣሁና የገመዱን ዓይን በቀጥታ ቱቦው ውስጥ አስገብቼ በዚያው ፒን ቆለፍኩት። የኔንም ጀርባ እንደዚያው አደረግሁ። ጉተታው ቀጥታ እስከሆነ ድረስ ይህ ምንም አያስወጣም። እርሳቸው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ይቺን ደግሞ አላውቅም ነበር» ብለው ወደ ጋቢናቸው ተመለሱ። ገመዱ ቢበጠስ እንዳይስፈነጠር ከረጢቱን በአሸዋ ሞልቼ ላዩ ላይ ጣልኩ፤ ሌላ ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ከግማሽ እጥፍ በላይ እንዲርቅ አደረግን። በሁለተኛው ጉተታ ወጣሁ። ከረጢቱ፣ እንዳያችሁት፣ ከቀሩት ከአራቱ አንዱ ነው።

መርገጫ ሰሌዳዎቹም ቀርተዋል፣ ጥርሳቸው ቢረግፍም። ይህ ጥፋት ግማሹ የእኔ ነው። አውስትራሊያዊው ማክስትራክስ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚሠራቸው ዓይነት ሰሌዳዎች ከተጠናከረ ናይሎን ነው የሚወጡት፤ ዋጋቸውም የእኔን ሙሉ ስብስብ ያስንቃል። የእኔዎቹ ተራ ፕላስቲክ ናቸው። ጎማው ላያቸው ላይ ሲሽከረከር የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ወርጄ ሳይ የፊተኛው ረድፍ ጥርስ ቀልጦ ተለስኗል። ነገር ግን ውድ ሰሌዳም ቢሆን ጎማ ሲሽከረከርበት ይቀልጣል። ከጎማው ፊት በደንብ ቆፍሮ ሰሌዳውን ከሥሩ ማስገባት፣ ከዚያ በዝቅተኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ መውጣት ነው ዘዴው። እንዲህ ሳደርግ ጥርስ የረገፉትም አውጥተውኛል። ከኋላ ማንም አይቁም፤ ሰሌዳው ተስፈንጥሮ ይወጣል።

ጓንቱ ደህና ነው።

ዊንች ለምን አልገዛሽም የሚሉኝ አሉ። ብቻዬን ራቅ ብዬ ስለማልሄድ ነው፤ በአንድ ዊንች ዋጋ ከላይ ያልኩት ሁሉ ተገዝቶ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ያለው ረጅሙ ሃይ ሊፍት ክሪክም ለጀማሪ አይመችም፤ እጀታው ካመለጠ መንጋጋ ይሰብራል፣ የዛሬ መኪኖች የፕላስቲክ መከላከያ ደግሞ መያዣ አይሰጠውም። ከመኪናዬ ጋር የመጣውን ክሪክ ወፍራም ጣውላ ላይ አድርጌ እጠቀማለሁ፤ ለስላሳ መሬት ላይ የሚሰምጠው ክሪኩ ነውና ጣውላው ክሪኩን ያህል ዋጋ አለው።

የቀረው አካፋው ነው። ታጣፊው አካፋ በሦስተኛው ቀን ማጠፊያው ላይ ተሰበረ፤ ባይሰበርም ኖሮ በዚያች አጭር እጀታ ከመኪና ሆድ ሥር አሸዋ ማውጣት ማለት በደረት ተኝቶ በማንኪያ መቆፈር ነው። ረጅም እጀታ ያለው የአትክልት አካፋ ገዛሁ፤ ከሁሉም ዕቃ ደጋግሜ የያዝኩት እርሱን ነው። ችግሩ በጀርባ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል አልፎ እስከ ማርሹ ድረስ ይደርሳል፤ ባለቤቴ አጠገቤ በተቀመጠ ቁጥር እጀታው ክንዱን ይጎስመዋል። ሃያ ሳንቲ ሜትር ልቆርጥለት ቃል ገብቻለሁ። መጋዙን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ።