አርኤክስ 6600 በሦስት ሞኒተር፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

አራት ኪሎ አካባቢ በምኖርበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሦስት ባለ 24 ኢንች ሞኒተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቀን ቀን የሕንፃ ንድፍ እሠራባቸዋለሁ፤ ማታ ደግሞ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተራ በተራ መሪ እየያዝን የጭነት መኪናና የውድድር መኪና ጨዋታ እንጫወትባቸዋለን። ሦስቱንም የሚያንቀሳቅሰው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. እቁብ ሲደርሰኝ በ29 ሺህ ብር የገዛሁት ያገለገለ የኤኤምዲ ኩባንያ ራዲዮን አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ (ምስል ሠርቶ ወደ ሞኒተር የሚልክ የኮምፒውተር ክፍል) ነው። ይህን ስጽፍ ሰኔ ገብቷል፤ ካርዱ መብራት ከጠፋባቸው ምሽቶች በስተቀር ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሠርቷል። ስለ እሱ ያለኝ አስተያየት ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የምወድለት ነገር ስገዛው ካሰብኩት የተለየ ስለሆነ፣ በአነስተኛ ገንዘብ ከአንድ በላይ ሞኒተር ላይ ለመጫወት ለሚያስብ ሰው በዝርዝር ብጽፈው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ፍለጋውን የጀመርኩት ከፍጥነት ነበር። የትኛው ካርድ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ማለትም ስንት ምስል) እንደሚያወጣ ሳነጻጽር ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ግን ካርዱ ስንት ሞኒተር ይቀበላል፣ በየትኛውስ መሰኪያ ይቀበላል የሚለው ነበር። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋጋው ይስባል፤ ነገር ግን ከሁለት ሞኒተር በላይ አያወጣም። ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ በመሆኑ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 (ካርዱ የሚሰካበት መስመር የቀድሞ ስሪት) ባለው፣ እንደ እኔ ቆየት ባለ ኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱ በእጅጉ ይጎዳል። ቀብድ ልከፍል ስል ነው የካርዱን ጀርባ አዙሬ ያየሁት። አንድ ኤችዲኤምአይ፣ አንድ ዲስፕሌይ ፖርት። ሦስተኛው ሞኒተሬ የሚሰካበት ቦታ አልነበረም።

ሁለተኛው ሊታሰብ የሚገባው ነገር የሥራው ክብደት ነው። 1920 በ1080 የሆኑ ሦስት ሞኒተሮች ሲጣመሩ 5760 በ1080 የሆነ አንድ ሰፊ ምስል ይፈጥራሉ፤ ይህም ከ6.2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው። አንዱ ሞኒተር ብቻውን ወደ 2.1 ሚሊዮን ገደማ፣ የ4ኬ (3840 በ2160) ሞኒተር ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ገደማ አለው። ስለዚህ ካርዱ የሚሸከመው የአንድ ሞኒተርን ሦስት እጥፍ፣ የ4ኬን ደግሞ ሦስት አራተኛ ነው። በአንድ ሞኒተር ላይ ተሠርቶ የወጣን የፍጥነት ውጤት አይቶ ካርድ የሚገዛ ሰው ቤቱ ሲገባ ማዘኑ አይቀርም። ይልቅ የዚያው ካርድ ውጤት በ2560 በ1440 እና በ4ኬ ስንት እንደሆነ ይመልከት፤ የሦስት ሞኒተር ውጤት በሁለቱ መካከል ነው የሚውለው።

አዲስ ካርድ ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋውም አብሮ ወጣ። ያገለገለ መግዛት ደግሞ የራሱ ሥጋት አለው። መጀመሪያ የገዛሁት አርኤክስ 580 ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ ነበር። ቤት ወስጄ ጂፒዩ-ዚ በተባለው ፕሮግራም ስመረምረው፣ 2304 መሆን የነበረበት የማስሊያ ክፍሎቹ ቁጥር 2048 ሆኖ ተገኘ። ይህ ስሙ ብቻ 580 የሆነ፣ በአቅሙ ግን ከታችኛው ከ570 ጋር የሚስተካከል ካርድ ነው። ለሻጩ ስነግረው «ወንድሜ፣ ሥራው ያው ነው፤ ማንም አይለየውም» አለኝ። ሦስት ቀን ተመላልሼ 2 ሺህ ብር ቀንሶ መለሰልኝ። ካርዱን ከመግዛት በፊት በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ይህንን ቁጥር ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በአርኤክስ 6600 ላይ ቁጥሩ 1792 መሆን አለበት። ከዚያም ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ጨዋታ ወይም ፈርማርክ የተባለውን የካርድ መፈተኛ ፕሮግራም እየሠራ ይቆይ። መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ እያሰሉ ማግኘት (መቆፈር) ካበቃ በኋላ ለዓመታት ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች ወደ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ገብተዋል፤ የደከመ ማራገቢያና የደረቀ የሙቀት ቅባት በሃያ ደቂቃ ውስጥ ራሱን ያሳያል።

እውነተኛው 580 እንኳ ቢሆን ዛሬ አልመርጠውም። የ2017 እ.ኤ.አ. ካርድ ነው፤ 185 ዋት ይስባል፤ ኤኤምዲም ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዚህ ትውልድ ካርዶች የሚያወጣውን የድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማሻሻያ ቀንሷል። የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ጥሩ አማራጭ ነበር፤ 125 ዋት ብቻ ይበቃዋል። ያስቀረኝ 6 ጊጋባይት ሜሞሪው ነው፤ በሦስት ሞኒተር ስጫወት ካርዴ ብዙ ጊዜ ከ6 ጊጋባይት በላይ ሲይዝ አያለሁና አሁንም አልጸጸትም። ኢንቴል አርክ ኤ750 በዋጋው ቢያጓጓም በሚገባ ለመሥራት ሪሳይዘብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርግ ዘዴ) የሚደግፍ ኮምፒውተር ይሻል፤ የእኔ ባለ 9ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ደግሞ ኢንቴል ከሚመክራቸው በታች ነው። አርኤክስ 6600 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 132 ዋት ፍጆታ፣ አንድ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድና አራት የሞኒተር መሰኪያ ይዞ ቀረበልኝ። ከቢሮ የወጡ ኮምፒውተሮችን የሚገዙ ሰዎች ይህን ባለ 8 ፒን ገመድ ልብ ይበሉ። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ይህ ገመድ የለውም፤ ቅርጹም ለየት ስለሚል በሌላ ለመቀየር ያስቸግራል። ለዚህ ካርድ ጥራት ያለው ባለ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ ልግባ። የኤኤምዲ ድራይቨር ሦስቱን ሞኒተሮች አንድ አድርጎ ለዊንዶውስ የሚያቀርብበት ዘዴ አይፊኒቲ ይባላል፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ኤንቪዲያም ሰራውንድ የሚለው ተመሳሳይ ዘዴ አለው። ለንድፍ ሥራ ሦስቱ ተለያይተው ቢቆዩ ይሻላል፤ ለጨዋታ አጣምሬ እጫወትና ስጨርስ እመልሳቸዋለሁ። በዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 በመካከለኛ ቅንብር ከ50 እስከ 60 ፍሬም አገኛለሁ፤ ሌሊትና ዝናብ ሲገጣጠሙ ወደ 45 ይወርዳል። ግራና ቀኝ መስኮቱን በዓይን ጥግ እያዩ አደባባይ መዞር በአንድ ሞኒተር የማይገኝ ደስታ ነው፤ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ በአንድ ሞኒተር መጫወት አቁሟል። አሴቶ ኮርሳ ደግሞ ለሦስት ስክሪን የተለየ ቅንብር አለው። የጎን ሞኒተሮች የዞሩበትን ማዕዘን ስንነግረው ለእያንዳንዱ የራሱን ምስል ስለሚሠራ፣ ጎኖቹ ላይ መኪናው ተለጥጦ አይታይም። ይህ ጥቅም በነፃ የሚገኝ አይደለም። አንዱ ትዕይንት ሦስት ጊዜ ስለሚዘጋጅ ሸክሙ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ሃያ መኪና ባለበት ውድድር ፍሬሙ ሲወርድ ካርዱ ግማሽ አቅሙን እንኳ ሳይጠቀም አግኝቼዋለሁ፤ የመስታወቶቹን ጥራት ስቀንስ ተስተካከለ። ያኔ የተሻለ ካርድ ብገዛ ኖሮ ገንዘቤ በከንቱ ይወጣ ነበር።

ካርዱ የማይችለውንም መናገር አለብኝ። ሳይበርፐንክ 2077ን በሦስቱም ሞኒተሮች ላይ ከፍ ባለ ቅንብር ስሞክረው ከ30 ፍሬም በታች ወረደ። ኤፍኤስአር (ምስሉን በዝቅተኛ ጥራት ሠርቶ የሚያሳድግ የኤኤምዲ ዘዴ) ሲከፈት ቁጥሩ ይሻሻላል፤ ሥዕሉ ግን በተለይ በሩቅ ነገሮች ላይ ይደበዝዛል። ምክንያቱ የካርዱ አሠራር ውስጥ ነው። የሜሞሪው መንገድ 128 ቢት ብቻ ሲሆን በሰከንድ 224 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ይህ በቁጥር ከአሮጌው 580 እንኳ ያነሰ ነው። ጉድለቱን የሚሸፍነው በውስጡ ያለው 32 ሜጋባይት ካሽ (ትንሽ ግን እጅግ ፈጣን ሜሞሪ) ነው። በአንድ ሞኒተር ላይ ካሹ ብዙውን ሥራ ይችለዋል፤ ምስሉ በሰፋ መጠን ግን የሚፈለገው መረጃ በካሹ ውስጥ የማይገኝበት ጊዜ ይበዛል። ካርዱ በአንድ ሞኒተር ከሚያሳየው ብርታት ጋር ሲነጻጸር በሦስት ሞኒተር ከሚጠበቀው በላይ የሚደክመው ለዚህ ነው። እንዲህ ያሉትን ከባድ ጨዋታዎች በመካከለኛው ሞኒተር ብቻ እጫወታለሁ፤ በዚያም ከ60 ፍሬም በላይ ይሰጠኛል።

በስምንቱ ወራት የገጠሙኝ ችግሮች አብዛኞቹ ከካርዱ የመጡ አልነበሩም። ካርዱ ሦስት ዲስፕሌይ ፖርትና አንድ ኤችዲኤምአይ አለው፤ ሞኒተሮቼ ግን የነበራቸው ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት መቀየሪያ ገዛሁ። በኅዳር ወር የግራው ሞኒተር በየአሥር ደቂቃው ለሁለት ሰከንድ ይጠቁር ጀመር። ካርዱ ሊሞት ነው ብዬ ድራይቨሩን ሦስት ጊዜ አራግፌ ጫንኩ፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ሁለቱን መቀየሪያዎች ባቀያይራቸው ጥቁረቱ ወደ ቀኙ ሞኒተር ተዛወረ። ጥፋቱ የመቀየሪያው ነበር። ሻል ያለ ሲተካ እስከ ዛሬ አልተደገመም። መቀየሪያ ሲገዛ አቅጣጫውን መለየት ግድ ነው፤ ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠው በተቃራኒው አይሠራም። ቪጂኤ ብቻ ያለው ሞኒተርም በተራ ገመድ ሊሰካ አይችልም፤ ምልክቱን የሚቀይር ቺፕ ያለው መቀየሪያ ይፈልጋል።

ሌላው ነገር የሞኒተሮቹ አለመመሳሰል ነው። ሁለቱ 75 ኸርዝ (በሰከንድ 75 ጊዜ ምስል የሚያድሱ) ሲሆኑ ሦስተኛው አሮጌ ባለ 60 ኸርዝ ነው። ምንም ሳልሠራ፣ ስክሪኑ ላይ የተከፈተ ነገር ሳይኖር፣ የካርዱ ሜሞሪ በሙሉ ፍጥነት ማለትም በ1750 ሜጋኸርዝ እየሠራ ማራገቢያው በየጊዜው ይነሣና ይቆም ነበር። ካርዱ የሜሞሪውን ፍጥነት የሚለውጠው ሞኒተሮቹ አንዱን ምስል ጨርሰው ሌላውን ሳይጀምሩ በምትገኘው አጭር ፋታ ነው። የሦስቱ ፋታ ካልገጠመ ሜሞሪውን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ሁሉንም በ60 ኸርዝ ሳስተካክል ሜሞሪው አረፈ፤ ከ20 ዋት በላይ ይስብ የነበረው ካርድ ከ10 ዋት በታች ወረደ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። ስለ ዋት የምጨነቀው በክፍያው ምክንያት ብቻ አይደለም። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ነው ያለኝ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ብቻ ሰክቼበት ሞኒተሮቹን በቀጥታ ከግድግዳው ወስጄ ነበር። መብራት ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ሲል ኮምፒውተሩ ባይጠፋም ሞኒተሮቹ ይጠፋሉ፤ ዊንዶውስም ሞኒተሮቹ የተነቀሉ መስሎት ጥምረቱን ያፈርሰዋል፤ ጨዋታውም አብሮ ይዘጋል። አሁን ሦስቱንም በዩፒኤሱ ላይ ሰክቻለሁ። ጨዋታ ላይ እያለን መብራት ሲሄድ አስቀምጦ ለመውጣት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠናል። የካርዱ ፍጆታ በ50 ዋት ቢበልጥ ይህ ዩፒኤስ የሚችለው አይመስለኝም።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ዞሮ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። የክፍሉ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። በጥቅምት ከፍተኛው ሙቀት 70 ዲግሪ ነበር፤ በጋውን ሙሉ ከመንገድ ሥራው የሚነሣው አቧራ በመስኮት እየገባ በሚያዝያ 78 ደረሰ። ባለፈው ሳምንት ካርዱን አውጥቼ ክንፎቹን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁ፣ የሙቀት ቅባቱንም ቀየርኩ፤ ወደ 69 ተመለሰ። አሁን እንደገና እቁብ ጀምሬያለሁ። ሲደርሰኝ የምገዛው ሌላ ካርድ አይደለም፤ አሮጌውን የሚተካ፣ እንደ ሁለቱ 75 ኸርዝ የሆነና በጀርባው ዲስፕሌይ ፖርት ያለው ሞኒተር ነው።